ዐሥሩን ማን ይቁጠር?

ሰቆጣ ውስጥ አንድ የብሎኬት ማምረቻ አለ እንበል። ስንት ሠራተኛ አለህ ሲባል ባለቤቱ «ስድስት» ይላል። አሸዋ የሚነፉትን፣ ሲሚንቶ የሚያቦኩትንና ብሎኬቱን ጠዋት ማታ ውኃ የሚያጠጡትን ሴቶች አይቆጥራቸውም፤ «የቀን ሠራተኞች ናቸው» ብሎ ያልፋቸዋል። ሴቶቹ ደግሞ «ዐሥራ ሁለት ነን» ይላሉ።

ነገሩ የሒሳብ ጥያቄ ብቻ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንድ ድርጅት ማኅበር ለማቋቋም 10 ሠራተኛ ይበቃል ይላል። እዚህ ቁጥር ላይ የተደረሰው ቀስ በቀስ ነው፤ በንጉሡ ጊዜ በወጣው አዋጅ 50 ነበር፣ በ1985 ዓ.ም. 20 ሆነ፣ በ1996 ዓ.ም. ወደ 10 ወረደ። ከ10 በታች ሠራተኛ ባለበት ቤት የሚሠሩትም ከሌሎች ጋር ሆነው ጠቅላላ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይችላሉ። ዳቦ ቤቱ አምስት፣ ጋራዡ አራት ሠራተኛ ይዞ ለሚውልበት ከተማ ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ አንቀጽ ነው፤ ሲወራለት ግን አልሰማሁም።

ሕጉ ወረቀት ላይ ለጋስ ነው። ማመልከቻ የቀረበለት መሥሪያ ቤት በ15 ቀን ውስጥ መልስ ካልሰጠ ማኅበሩ እንደተመዘገበ ይቆጠራል። በቃል የቀጠረ አሠሪ በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ ደብዳቤ መስጠት አለበት፤ ባይሰጥም ሠራተኛው መብቱን አያጣም። ስለዚህ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪው የባለቤቱን መዝገብ ገልጦ ከመውጣቱ በፊት ሴቶቹን «መቼ ጀመራችሁ?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

የመሪዎች ምርጫ ላይ ሲደረስ ሕጉ ጉዳዩን ለማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ይተወዋል። በትንሽ ግቢ ውስጥ ቀላሉ መንገድ እጅ ማውጣት ነው፤ የባለቤቱ ወንድም በር ላይ ቆሞ እያየ። ትልቅ ፋብሪካ ቢሆን አለቃው ባዕድ ነው። እዚህ ግን አሠሪው «ጋሼ» ነው፣ የእድር ዳኛ ነው፣ የልጅ የክርስትና አባት ነው። በሰሜኑ ጦርነት ከፃግብጂና ከአበርገሌ ተፈናቅሎ ሰቆጣ ለገባው ሰውማ የመጀመሪያውን የቀን ገቢ የሰጠው እሱ ሊሆን ይችላል። አሠሪ «እገሌን ምረጥ፣ እገሌን አትምረጥ» ብሎ ማስገደድ በሕግ ተከልክሏል። ውለታ ግን ማስገደድ አያስፈልገውም፤ ዝም ብሎ ማየት ይበቃዋል።

አሜሪካ ሠራተኞች ማኅበር ይወክላቸው እንደሆነ ድምፅ የሚያሰጥ ብሔራዊ ቦርድ አላት። ከሠራተኛው 30 በመቶው ፈርሞ ከጠየቀ ቦርዱ ራሱ በምስጢር ያስመርጣል። እ.ኤ.አ. በ2022 በኒውዮርክ ስታተን አይላንድ የአማዞን መጋዘን ሠራተኞች 2,654 ለ2,131 በሆነ ድምፅ ማኅበራቸውን የመረጡት በዚህ መንገድ ነው። ኩባንያው አልቀበልም ብሎ ክርክሩን አጓተተው፤ ቆጣሪ መኖሩ ብቻውን እንጀራ አይሆንም። በ2023 ደግሞ ቦርዱ ሴሜክስ በተባለ የሲሚንቶ ኩባንያ ጉዳይ፣ በምርጫው ወቅት ሕግ የጣሰ አሠሪ ድጋሚ ምርጫ ሳይጠበቅ «ተደራደር» ተብሎ ሊታዘዝ እንደሚችል ወሰነ።

እኛም ቦርድ አለን። ከሰብሳቢውና ከባለሙያዎቹ ጋር የሠራተኛና የአሠሪ ተወካዮች ይቀመጡበታል፤ የኅብረት ስምምነትንና የሠራተኛ ቅነሳን የመሰለውን የወል ክርክር ይዳኛል። ይሁንና እዚያ ለመቆም አስቀድሞ መደራጀት ይጠይቃል። የፊርማ ወረቀት ስላዞረ የተባረረ ሰው ክርክሩ የግል ነው ተብሎ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ «ወደ ሥራዬ መልሱኝ» ብሎ ለመክሰስም ያለው ሦስት ወር ነው። እሱ ሲመላለስ የቀሩት ዘጠኙ ምን እንደሚማሩ መገመት አያቅትም።

የእኔ ሐሳብ ትንሽ ነው። ሠራተኞች ሲጠይቁ የዞኑ ሥራና ሥልጠና መምሪያ አንድ ሰው፣ አንድ ሳጥንና የሚታጠፍ ወረቀት ይላክላቸው። መንግሥት በማኅበር ጉዳይ እጁን ያስገባል የሚል ስጋት ይነሳል፤ ተገቢ ስጋት ነው። ኢትዮጵያ በ1955 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት 87ኛ ስምምነት ሠራተኞች መሪዎቻቸውን በሙሉ ነፃነት እንዲመርጡ፣ ባለሥልጣናትም ከጣልቃ ገብነት እንዲታቀቡ ይላል። ጥሪው ከሠራተኛው ብቻ ይምጣ የምለውም ለዚህ ነው። የተላከው ሰው ከመቁጠር ያለፈ ሥልጣን አይኑረው፤ ውጤቱንም እዚያው ፊታቸው ጽፎ ይፈርም። አበሉን ማን ይከፍላል ለሚል፣ ከተማ ውስጥ ያለው ግቢ ሁሉ ከመምሪያው በእግር ይደረሳል።