አምስት እጅ በአንድ ጊዜ



ባለፈው ረመዷን ለኢፍጧር ከየዶርሙ ያዋጣነው ብር ነበር። ብዙ የሚባል አልነበረም፤ ለተምር፣ ለሾርባ እህልና ለሳምቡሳ ዘይት የሚበቃ ነው። ብሩን የያዘው ወንድማችን በሁለተኛው ሳምንት «ከስልኬ ላይ ተወሰደብኝ» አለን። አዘንንለት፤ እንደገና አዋጣን። እውነቱን ራሱ የነገረን ከዒድ በኋላ ነው። ማንም አልወሰደበትም። ከተራዊሕ መልስ ተጀምሮ ለሱሑር እስክንቀሰቅሰው ድረስ በቀጠለ የካርታ ጨዋታ ነበር ያለቀው። ስሙን አንጽፍም፤ የምታውቁትም አታንሱት።

ይህን ለመጻፍ ስንነሳ አንዳንዶቻችሁ «ቁማር ሐራም መሆኑን የማያውቅ ማን አለ?» ብላችሁናል። ልክ ናችሁ። እሱም ያውቅ ነበር። ከመካከላችን ሱረቱል ማኢዳህን በቃሉ የያዘው እሱ ነው። ችግሩ፣ የሚጫወተውን ነገር ቁማር ብሎ አለመቁጠሩ ነው። በእሱ ቤት ቁማር ማለት አዲስ ከተማ ውስጥ በየቤቲንግ ቤቱ ደጃፍ ቲኬት ጨብጠው የሚንጫጩት ልጆች የሚሠሩት ነው። እሱ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነው፤ የሚጫወተው «በስሌት» ነው።

እነዚያን ቤቶች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ቅዳሜና እሁድ የእንግሊዝ ኳስ ሲኖር በራቸው ላይ ማለፊያ የለም፤ ማታ ደግሞ የተቀደደ ቲኬት ነው የምንረግጠው። በ2015 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ የቤቲንግ ቤቶች ሲታሸጉ «የእኛስ ከተማ መቼ ነው?» ያልን ብዙ ነን። አሁን ስናስበው ግን ጥያቄያችን ዘግይቶ ነበር። ቤት ይታሸጋል፤ ስልክ ኪስ ውስጥ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም ከጀመረ ወዲህ ቤተሰቦቻችን ብር የሚልኩልን በአንድ አፍታ ነው፣ አልሐምዱሊላህ። በዚያው ፍጥነት ብሩ መውጣትም ይችላል። ቤቲንግ ቤት የሚገባ ልጅ ቢያንስ ሰው ያየዋል፤ ጎረቤት፣ የመድረሳ ጓደኛ፣ የመስጂድ ሽማግሌ ያየኛል ብሎ ይሳቀቃል። ዶርም ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚጫወተውን ከአላህ ሌላ የሚያየው የለም።

ወንድማችን የተጫወተው «ሃያ አንድ» የሚሉትን ነው፤ ብላክጃክም ይባላል። አሠራሩን የምናስረዳው ማንም እንዲሞክረው አይደለም። «በስሌት ነው» የሚል ወንድም ሲገጥማችሁ በስሌት እንድትመልሱለት ነው። ካርታዎቹ ቁጥር አላቸው፤ ባለ ሥዕሎቹ 10 ይቆጠራሉ፣ አስ 1 ወይም 11 ይሆናል። ከ21 ሳያልፍ ወደ 21 የቀረበ ያሸንፋል። ተጫዋቹ የሚጋጠመው ከአከፋፋዩ ጋር ብቻ ነው፤ ስልክ ላይ አከፋፋዩ ሶፍትዌር ነው። የእሱ ልዩ የሆነው በአንድ ዙር አምስት እጅ የሚያስይዝ መሆኑ ነው፤ አምስት ቦታ ብር ይቀመጣል፣ አምስቱም ከአንድ አከፋፋይ ጋር ይወዳደራሉ። ያስረዳን እንዲህ ብሎ ነው፦ «አንዱ እጅ ሲበላብኝ ሌሎቹ ይመልሱልኛል። እንቁላልን ሁሉ አንድ ቅርጫት ውስጥ እንዳለማስቀመጥ ነው።»

ያምራል። የፕሮባቢሊቲ ኮርስ የወሰድን ሰዎች ግን ወረቀት አውጥተን እንይ።

መጀመሪያ፣ አከፋፋዩ ለምንድነው የሚያሸንፈው? በሁለቱም ወገን ያለው ሕግ አንድ ይመስላል። ልዩነቱ ተጫዋቹ ቀድሞ መጫወቱ ነው። ከ21 ካለፈ ብሩ ወዲያው ይሄዳል፤ ቀጥሎ አከፋፋዩም ከ21 ቢያልፍ እንኳ አይመለስለትም። አከፋፋዩ 17 እስኪደርስ መሳብ ግዴታው ስለሆነ ከ100 ዙር በ28 ገደማው ከ21 ያልፋል። ተጫዋቹም እንደ አከፋፋዩ ቢጫወት ያው 28 ነው። 0.28 በ0.28 ሲባዛ 0.078 ይሆናል፤ ማለትም ከ100 ዙር ወደ 8 በሚጠጋው ሁለቱም ያልፋሉ፣ በእነዚያ ሁሉ ብሩ የአከፋፋዩ ነው። በሁለት ካርታ 21 ለሚያወጣ ተጫዋች የሚጨመርለት ክፍያ ከዚህ ላይ 2.3 በመቶ ገደማ ይመልሳል። የቀረው አምስት ተኩል በመቶ ያህል የቤቱ ነው። መቼ እንደሚሳብና መቼ እንደሚቆም በሰንጠረዥ ሸምድዶ፣ ያለ አንዳች ስሕተት የሚጫወት ሰው ይህን ወደ ግማሽ በመቶ ሊያወርደው ይችላል። ከዜሮ በታች ግን አያወርደውም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ በጾም፣ ነገ የላብ ሪፖርት እያለበት ያለ ስሕተት የሚጫወት ሰው ካለ ደግሞ አሳዩን።

ሁለተኛ፣ የእንቁላሉ ምሳሌ። ቅርጫት መለያየት የሚጠቅመው ቅርጫቶቹ በአንድ ሰው እጅ ካልሆኑ ነው። አምስቱ እጆች የሚጋጠሙት ከአንድ አከፋፋይ ጋር ነው፤ እሱ 20 ካወጣ አብዛኞቹ አብረው ይወድቃሉ። እውነት ለመናገር ያንኑ 50 ብር በአንድ እጅ ከማስያዝ በአምስት ከፍሎ 10፣ 10 ብር ማስያዝ መዋዠቁን ይቀንሰዋል። ይህን አንክድም። ኪሳራውን ግን በሳንቲም አይቀንሰውም፤ አማካይ ኪሳራ የሚሰላው በጠቅላላ በተያዘው ብር ላይ ነው። መዋዠቁ ሲቀንስ የሚሆነው ሌላ ነገር ነው፤ ሰውዬው ቶሎ አይከስርም፣ ስለዚህም አይነሳም።

ደግሞስ 50 ብሩን ማን ከፈለው? ወንድማችን በአንድ እጅ 10 ብር ያስይዝ የነበረ ነው። አምስት እጅ ሲጀምር በእያንዳንዱ 10 ብር አስያዘ። ስልክ ላይ በደቂቃ አራት ዙር ቢጫወት በሰዓት 240 ዙር ነው። በአንድ እጅ 2,400 ብር ይሽከረከራል፤ በአምስት እጅ 12,000 ብር። ከአባቱ የሚላክለትን ለምናውቅ ሰዎች ይህ ቁጥር ያስደነግጣል። ፍጹም ቢጫወት በሰዓት በአማካይ 60 ብር ይከስራል፤ እንደ ሰው እየተሳሳተ ቤቱ 3 በመቶ ቢያገኝበት 360 ብር። በዚህ አማካይ ዙሪያ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ 600 ብር ወደላይም ወደታችም መዋዠቅ የተለመደ ነው። ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው። አንዳንድ ሌሊት 400 ብር አትርፎ ይነሳል፣ «ስሌቱ ሠራ» ይላል። የሠራው መዋዠቁ ነው።

ሌላም ማስረጃ ነበረው፤ የአሜሪካኑ የሒሳብ ሊቅ የኤድዋርድ ቶርፕ ታሪክ። እውነት ነው፣ ቶርፕ ኤም አይ ቲ ሳለ በኮምፒውተር አስልቶ ይህ ጨዋታ ሊሸነፍ እንደሚችል አሳይቷል፤ መጽሐፉም በፈረንጆቹ 1962 ወጥቷል። ነገር ግን የእሱ ዘዴ የወጡ ካርታዎችን ቆጥሮ የቀሩትን ማወቅ ነው። ስልክ ላይ ያለው ሶፍትዌር በየዙሩ ካርታውን እንደ አዲስ ይበውዛል። የሚቆጠር ነገር የለም። ወንድማችን የቶርፕን ታሪክ ግማሹን ነው ያነበበው፤ ለፈተናም እንዲሁ ነው የሚያነበው፣ አላህ ይምራውና።

ሌሎቹንም በአጭሩ። አቪዬተር የሚባለው ጨዋታ ራሱ የሚያሳውቀው ከሚያዝበት ብር 97 በመቶውን እንደሚመልስ ነው። ጥሩ ይመስላል። 100 ብር ይዞ የገባ ልጅ ያለውን ሁሉ 20 ጊዜ ደጋግሞ ቢያስይዝ በአማካይ የሚቀረው 54 ብር ነው፤ ማስሊያ አውጥታችሁ 0.97ን 20 ጊዜ አባዙት። የኳሱ ቲኬትም ከዚህ አይሻልም፤ ድርጅቱ ከእያንዳንዱ ጨዋታ 5 በመቶ ቢያስቀር አሥር ጨዋታ የደረደረ ልጅ ገና ከመጀመሪያው 40 በመቶውን አጥቷል። በ2008 ዓ.ም የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ደግሞ ከዕድል ጨዋታ ሽልማት ላይ 15 በመቶ ግብር ሲጥል የከሰሩት ብር እንዳይቀነስ ደንግጓል። መንግሥትም ኪሳራችሁን አይቆጥርላችሁም ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ስንል ሐራምነቱ ስለሚያከስር ነው እያልን እንዳይመስላችሁ። አትራፊ ቢሆንም ሐራም ነው። በዚህ ላይ ተፍሲር ስንቀራ ከኡስታዞቻችን የሰማነውን ብናስታውስ ጥሩ ነው። በጃሂሊያ ዘመን ዐረቦች መይሲር ሲሉ ግመል አርደው በቀስት ዕጣ ይከፋፈሉ ነበር። ቀስቶቹ 10 ናቸው፤ ሰባቱ ከአንድ እስከ ሰባት ድርሻ ይሰጣሉ፣ ሦስቱ ባዶ ናቸው። ባዶ የወጣበት የግመሉን ዋጋ ይከፍላል። ተፍሲር የጻፉ ዑለማዎች እንደሚነግሩን አሸናፊዎቹ ሥጋውን ለድሆች ያድሉት ነበር፤ ይኮሩበትም ነበር። ሱረቱል በቀራህ 219ኛው አንቀጽ ላይ አላህ ለሰዎች ጥቅም እንዳለው ሳያስተባብል ኃጢአቱ ግን እንደሚበልጥ የገለጸው ይህን ነው። ድሃ ይበላበት የነበረው ቁማር እንኳ ተከልክሏል። የእኛው ዘመን ቁማር ከነን ካፌ ተማሪ የምሳ ብር ይወስዳል፤ የሚደርሰውም ማን እንደሆነ ለማናውቀው የሶፍትዌር ባለቤት ነው።

አንድ ወንድም «ከማሽን ጋር የሚጫወት ሰው ከማን ጋር ይጣላል? ማኢዳህ ላይ የተጠቀሰው ጠላትነትና ጥላቻ እኮ በሰዎች መካከል ነው» ብሎ ሞግቶናል። ጥያቄው መልካም ነው። መልሱ ግን ዶርማችን ውስጥ አለ። የኢፍጧሩ ብር ከጠፋ በኋላ እውነቱን እስካወቅን ድረስ ባሉት ሳምንታት እርስ በርስ ተጠራጥረናል። ያንን ስልክ አንድ ቀን ተውሶ የነበረ ልጅ ሌባ ተብሎ በሹክሹክታ ተወርቶበታል። እስካሁን ይቅርታ ያልጠየቅነው አለን። ሶላቱማ አይነሳ፤ በእነዚያ ሌሊቶች ሱብሒን በጀመዓ የሰገደበትን ቀን ራሱም አያስታውስም።

እስካሁን ስለ እሱ ተናገርን። አሁን ስለ እኛ።

መጀመሪያ ማስፈንጠሪያውን የላከለት ከእኛው አንዱ ነው። በኮድ ሰው ያስገባ ቦነስ ያገኛል፤ ለዚያ ነው የላከው። ላኪው ራሱ አይጫወትም፤ ኮድ መላክ ብቻ ምን አለው ይላል። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ ውስጥ ባልንጀራውን ለቁማር የጋበዘ ሰው፣ ገና ሳይጫወት፣ ስለ ግብዣው ብቻ ሰደቃ እንዲያወጣ ታዟል። በዚህ ስሌት በጀመዓችን ሰደቃ ያለበት ሰው ብዙ ነው።

ሁለተኛ፣ ከረመዷን በፊት ያው ወንድም 500 ብር «ሰደቃ ነው» ብሎ ሰጥቶን ነበር። ተቀበልን፤ ባረከላሁ ፊክ አልን። የሚላክለትን እያወቅን ከየት አመጣኸው ያለው ሰው የለም። የዚያን ጊዜ ጠይቀን ቢሆን ምናልባት የኢፍጧሩ ብር ሳይደርስ ይቆም ነበር። በሐራም የተገኘ ብር ምን እንደሚደረግ ኡስታዞች ይጠየቃሉ፤ እኛ ግን ሳንጠይቅ ምንጣፍ ገዛንበት።

ሦስተኛው ይከብደናል። እውነቱን በነገረን ቀን ማታ ከቴሌግራም ግሩፑ አስወጣነው። ማንም አልተቃወመም። ተውበት አድርጎ፣ አልቅሶ፣ በራሱ እግር መጥቶ የነገረንን ሰው። ደብቆት ቢኖር ዛሬም ግሩፑ ውስጥ ይኖር ነበር። ይህን ያየ ሌላ ተጫዋች ወንድም ነገ ለእኛ ይነግረናል ብላችሁ ታስባላችሁ? እንዳሉ ደግሞ እናውቃለን፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ከብርድ ልብስ ሥር የሚበራውን የስልክ መብራት ለሁላችንም ሽንት ቤት ስንሄድ እናየዋለን።

ስለዚህ ሐሳባችን ይህ ነው። ወንድማችን ወደ ግሩፑ ይመለስ፤ የመለሰውም ሰው በግል ይቅርታ ይጠይቀው። የጀመዓው ብር ከአሁን በኋላ በአንድ ሰው ስልክ ላይ አይቀመጥ፤ ሁለት ሰው ይያዘው፣ በየወሩም ሒሳቡ ይነበብ። ትንሽ የቀርድ ሐሰን ሣጥን እንክፈት፤ ወር መጨረሻ ላይ ምሳ የሌለው ልጅ «በ50 ብር 500 ላድርግ» ከማለቱ በፊት ያለ ወለድ የሚበደርበት ቦታ ይኑረው። ቁማር የያዘው ወንድም ከሦስት ሰው በማያልፍ ሹራ ፊት ችግሩን የሚናገርበት፣ ከፈለገም የሚላክለትን ብር በአደራ የሚያስቀምጥበት መንገድ ይዘርጋ። አንዳንዶች ይህ ኃጢአትን ማባበል ነው ይላሉ። ዕዳውን ግን እየከፈለ ነው፤ ማስጠናት ጀምሮ ከሚያገኘው እስካሁን 600 ብር መልሷል። ያስወጣነው እኛ ምን እንደመለስን ግን ግልጽ አይደለም።

በመጪው ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ በሚደረገው ስብሰባ ይህ አንዱ አጀንዳ ነው። የምትቃወሙ ኑና ተቃወሙ። ኮድ የላካችሁ ደግሞ ከመምጣታችሁ በፊት መልእክቱን አጥፉት፤ ለላካችሁለትም ደውሉለት።