በሰሜን ዋልታ ስለሚነሣው ዐውሎ ነፋስ

በሰሜን ዋልታ ባሕር ዐውሎ ነፋስ መነሣቱ አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር ነፋሱ ሲመጣ የሚያገኘው ባሕር ከቀድሞው የተለየ መሆኑ ነው።

ቀድሞ ባሕሩ የበረዶ ክዳን ነበረው። ነፋሱ ምንም ቢበረታ በረዶው ውሃውን ተጭኖ ስለሚይዘው ማዕበሉ ከፍ ብሎ ሊነሣ አይችልም ነበር። ዳሩ ግን የምድር አየር በመሞቁ፥ በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1979 ዓ.ም. ወዲህ በበጋ መጨረሻ የሚቀረው በረዶ ስፋቱ በየ10 ዓመቱ ከመቶ 12 እጅ ያህል እየጐደለ መጥቷል፤ የተረፈውም ሳስቷል። የተገለጠው ውሃ በሰፋ መጠን ማዕበሉ ያድጋል፤ ማዕበሉም በተራው የቀረውን በረዶ ይሰባብራል።

ለዚህ ነገር ሁለት ምስክር እናቀርባለን። በዚሁ አቈጣጠር በ2012 ዓ.ም. በኦገስት ወር ከሳይቤርያ የተነሣ ታላቅ ዐውሎ ነፋስ በአርክቲክ ውቅያኖስ ላይ አለፈ፤ በተከታዩም ወር የበረዶው ስፋት 3.4 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከ1979 ወዲህ በተለካው ሁሉ ከዚህ ያነሰ የለም። ሊቃውንት ቢመረምሩት ግን በረዶው አስቀድሞ ሳስቶ ስለ ነበረ፥ ነፋሱ ባይመጣም እንኳ መጕደሉ የማይቀር እንደ ነበረ ተረዱ።

በ2022 ዓ.ም. በጃንዋሪ ወር ደግሞ በዚያው ባሕር ከ1979 ወዲህ ከተመዘገቡት ሁሉ የበረታ ዐውሎ ነፋስ ተነሣ። የአየር ጠባይ መርማሪዎች መምጣቱን አስቀድመው ዐውቀው ነበር፤ በረዶው ግን በ6 ቀን ውስጥ ከተገመተው እጅግ አብልጦ ጐደለ። ነፋሱን ዐወቁት እንጂ የመከላከያውን ድካም አላወቁትም።

ነገሩ የሊቃውንት ብቻ አይደለም። በአላስካ ጠረፍ በደሴት ላይ ባለችው በሺሽማሬፍ መንደር 600 ያህል ሰዎች ይኖራሉ። የባሕሩ በረዶ ዘግይቶ ስለሚመጣ የመጸው ማዕበል ዳርቻቸውን ይገምሰዋል፤ ከቤታቸው ሥር ያለው በብርድ የጸና ምድርም እየላላ ይናዳል። ቤቱን በዐለት ላይ የሠራ ሰው ልባም እንደ ሆነ ሁላችን ተምረናል፤ የእነዚህ ሰዎች ዐለት ግን በረዶ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንደራቸውን ለመልቀቅ በድምፅ ብልጫ ወሰኑ፤ የመዛወሪያው ወጪ ግን ከዐቅማቸው በላይ ሆነባቸው።

ዐውሎ ነፋሱ ራሱ እየበረታ መሄድ አለመሄዱን ሊቃውንት ገና ይከራከሩበታል። ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ግን አይገባም፤ ሕዝብን የሚጐዳው የነፋሱ ብርታት ብቻ ሳይሆን የአጥሩም መፍረስ ነውና። ስለዚህ ሕዝብ ለመጠበቅ ሥልጣን የተሰጠው ሁሉ ከሚመጣው አደጋ ጋራ መከላከያውን አብሮ ሊመረምር ይገባዋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፥ መንደርን የማዛወር ምክር ማዕበሉ ደጅ ከደረሰ በኋላ የሚጀመር አይደለም።