የንዝረት ልኬት ከአሃዱ ይጀምራል

በጎጃም ገበያዎች እህል በቁና ሲሰፈር በነበረበት ዘመን «አሥር ቁና» የሚለው ቃል ብቻውን ሙሉ መልስ አልነበረም። የአንዱ አካባቢ ቁና ከሌላው እኩል ስላልነበረ «የየት ቁና?» የሚል ጥያቄ ያስከትል ነበር። የማሽን ንዝረት በሚለካበት የዛሬ ቤተ ሙከራም ይኸው ጥያቄ አልቀረም።

ተንቀሳቃሽ የንዝረት ካሊብሬተር በእጅ የሚያዝ አነስተኛ መሣሪያ ነው። አናቱ ላይ የተገጠመለትን ሴንሰር በታወቀ ድግግሞሽና መጠን ያንቀጠቅጣል፤ ተመራማሪውም ንባቡ ከታወቀው መጠን ጋር መግጠሙን ያያል። ብዙዎቹ የሚሠሩት በ159.15 ሄርዝ ነው፤ ይህ ቁጥር በሁለት ፓይ ሲባዛ 1,000 ራዲያን በሰከንድ ይሆናልና። በዚህ ድግግሞሽ 10 ሜትር በሰከንድ ካሬ ፍጥንጥነት፣ 10 ሚሊሜትር በሰከንድ ፍጥነትና 10 ማይክሮሜትር የቦታ ለውጥ አንድና ያው ንዝረት ናቸው።

ምቾቱ ግን ወጥመድ አለው። ንባብ ተቀባዩ መሣሪያ በስህተት ወደ ፍጥነት ቢዞርም፣ በፍጥንጥነት ላይ ቢቆይም፣ መስኮቱ ላይ የሚታየው 10 ነው። ፍተሻው ያለፈ ይመስላል፤ ስህተቱ የሚገለጠው ከቤተ ሙከራ ውጭ ነው። በደብረ ማርቆስ የእህል ወፍጮ ቤት በደቂቃ 1,500 ዙር ገደማ የሚዞር ሞተር ንዝረቱ 25 ሄርዝ አካባቢ ነው። በዚያ ድግግሞሽ 5 ሚሊሜትር በሰከንድ ፍጥነት ማለት 0.79 ሜትር በሰከንድ ካሬ ፍጥንጥነትና 32 ማይክሮሜትር የቦታ ለውጥ ነው። አሃዱን ያልጻፈ ሰው ደህናውን ኩሽኔታ ያስቀይራል፤ አለዚያም የተበላውን ደህና ነው ብሎ ይተወዋል።

አርኤምኤስና የጫፍ ዋጋም እንዲሁ ያደናግራሉ። አርኤምኤሱ 10 የሆነ ንዝረት የጫፍ ዋጋው 14.1፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ደግሞ 28.3 ነው። ይህን ያላስተዋለ ተማሪ ጤነኛውን ሴንሰር «41 በመቶ ተዛብቷል» ይላል።

«ጂ» የሚባለው አሃድም በስምምነት የተወሰነ 9.80665 ሜትር በሰከንድ ካሬ ነው እንጂ ቤተ ሙከራው ያለበት ስፍራ ስበት አይደለም። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው ደብረ ማርቆስ ስበቱ ወደ 9.78 ይወርዳል። ልዩነቱ ጥቂት ቢሆንም ሴንሰሩን እየገለበጠ በምድር ስበት ለሚፈትሽ ሰው ትርጉም አለው። ጂን ከሜትር በሰከንድ ካሬ ጋር ማምታታት ግን ከዚህ እጅግ የከፋ ነው፤ ባለ 100 ሚሊቮልት በጂ ሴንሰር በ10 ሜትር በሰከንድ ካሬ የሚሰጠው 102 ሚሊቮልት ገደማ እንጂ 1,000 አይደለም።

«ሴንሰሩ የምስክር ወረቀት አለው፤ ይህ ሁሉ ለምን?» የሚል ይኖራል። ወረቀቱ የሚመሰክረው ስለተፈተሸበት ዕለት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሴንሰሩ ወድቆ፣ ገመዱም ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል፣ በአንድ ድግግሞሽ የተደረገ ፍተሻ ለሁሉም አይበቃም። እንደ ጣና በለስ ባሉ የውኃ ኃይል ማመንጫዎች የሚገኙት ትላልቅ ተርባይኖች ከወፍጮ ሞተር ዝግ ብለው ይዞራሉ፤ ለእነሱ የሴንሰሩ ጠባይ በዝቅተኛ ድግግሞሽ መታወቅ አለበት። ካሊብሬተሩም ራሱ በየጊዜው ከበላይ መለኪያ ጋር መነጻጸር ይኖርበታል።

ስለዚህ የድኅረ ምረቃ አማካሪዎች የንዝረት መረጃ የያዘን ጽሑፍ ከመቀበላቸው በፊት አንድ ገጽ መዝገብ ቢጠይቁ ተገቢ ነው። መዝገቡ የሴንሰሩን ትብነት፣ የካሊብሬተሩን ድግግሞሽ፣ አሃዱን፣ ዋጋው አርኤምኤስ ወይም የጫፍ መሆኑን፣ እንዲሁም ከመስክ ሥራ በፊትና በኋላ የተገኘውን ንባብ ይይዛል። የመግጠሚያው ገጽ መጽዳቱ፣ ብሎኑ በተገቢው ኃይል መጥበቁና የሴንሰሩ ክብደት ከካሊብሬተሩ አቅም አለማለፉም ይመዘገባል። ሥራው የደቂቃዎች ነው፤ ያለ እሱ ግን የወራት ድካም «የየት ቁና?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አያገኝም።