ሮም ሄዳችሁ ምን አያችሁ?

ከራሴ ልጀምር። ሰሜን ጣሊያን የማስተርስ ተማሪ ሳለሁ፣ ለፋሲካ እረፍት ከሦስት የክፍል ጓደኞቼ ጋር ርካሽ የባቡር ትኬት ቆርጠን ሮም ሄድን። ስልኬ ላይ አሥራ አራት ቦታዎች የያዘ ዝርዝር ነበረኝ፤ ኮሎሲየም፣ ፓንቴዮን፣ የትሬቪ ፏፏቴ፣ የስፔን ደረጃዎች፣ ቫቲካን፣ ሌላም ሌላም። ዝርዝሩን ያገኘሁት ሰው ሁሉ ከሚያገኝበት ከኢንተርኔት ነው። ኢንጂነር አይደለሁ? አንድ እርምጃ እንዳይባክን በርቀት ደርድሬዋለሁ። በሁለት ቀን አሥራ ሦስቱን ጨረስኩ። ትሬቪ ላይ ሳንቲም ወረወርኩ፣ ጀላቶ በላሁ። ኮሎሲየም ፊት ለፊት የተነሳሁትን ፎቶ ያህል ላይክ ያገኘ ፖስት እስከዛሬ የለኝም።

ማታ አያቴ ጋ ደወልኩ። በጣሊያን ጊዜ የተወለዱ ሰው ናቸው።

“ሮም ነኝ አባባ!”

“እሰይ! ሐውልቱ የነበረበት ቦታስ ሄድክ?”

“የቱ ሐውልት?”

ዝም አሉ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ “ሄሎ? ሄሎ?” አልኩ።

“አለሁ” አሉ። “ደህና ነው ልጄ። ብርድ እንዳይመታህ፣ ደርበህ ልበስ።”

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ይህን የምጽፈው ከዚያ ዝምታ የተነሳ ነው። ክርክሬም አጭር ነው፦ ሌላ ሰው ባዘጋጀለት ዝርዝር ብቻ ሮምን ዞሮ የተመለሰ የኢትዮጵያ ልጅ ሮምን አላየም። እሱ አያንብበው እንጂ ከተማዋ የኛን ታሪክ በየአደባባዩና በየመንገዱ ጽፋ አስቀምጣለች።

የት ነው የተጻፈው? ከባቡር ወርዳችሁ ከቴርሚኒ ጣቢያ ስትወጡ የምትረግጡት አደባባይ “ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ” ይባላል፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ማለት ነው። አምስት መቶዎቹ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1887 ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ባለችው ዶጋሊ የራስ አሉላ ጦር የደመሰሳቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ሮም በዚያው ዓመት ከግብፅ የመጣ የዳግማዊ ራምሴስ ሐውልት አቆመችላቸው። ሐውልቱ ዛሬም ከጣቢያው ጥቂት ደቂቃ በእግር የሚያስኬድ ቦታ ላይ አለ። ለገሃር ስናልፍ ዓይናችንን እንኳ የማናነሳለት የይሁዳ አንበሳ በወረራው ጊዜ ተዘርፎ እዚህ ሐውልት ሥር ነበር የተቀመጠው። ወደ አዲስ አበባ የተመለሰው በ1960ዎቹ ነው።

በ1938 ዘርዓይ ደረስ የሚባል ኤርትራዊ ወጣት ሮም ውስጥ እዚሁ ሐውልት ዘንድ ሰይፍ መዘዘ። የዘመተ ጦረኛ አልነበረም። አስተርጓሚ ሆኖ የመጣ፣ ቋንቋ የሚያውቅ የተማረ ልጅ ነበር፤ እንደኛው ዓይነት ሰው ማለት ነው። ያዙት፣ ወደ አገሩ ሳይመለስ በ1945 እዚያው ጣሊያን ሞተ። እኔ በዚያ ሰፈር የጎማ ሻንጣዬን እየጎተትኩ፣ ዓይኔን ስልኬ ላይ ተክዬ ሆስቴል ስፈልግ ነው ያለፍኩት።

አባባ የጠየቁኝ ሐውልት ደግሞ የአክሱሙ ነው። ወደ 24 ሜትር ቁመት፣ ወደ 160 ቶን ክብደት ያለው ድንጋይ ነው። ፋሺስቶች ወድቆ ከተሰባበረበት አንስተው በ1937 ሮም ወሰዱት፣ ፖርታ ካፔና የሚባል አደባባይ ላይም አቆሙት። ፊት ለፊቱ ቅኝ ግዛቶቹን እንዲያስተዳድር ለታሰበው ለጣሊያን አፍሪካ ሚኒስቴር ሕንፃ ይሠራ ነበር። ያ ሕንፃ ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት፣ የፋኦ ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ጣሊያን በ1947 የሰላም ውል የዘረፈችውን በ18 ወር ውስጥ ለመመለስ ፈርማለች። እኛ ፕሮግራመሮች ዴድላይን በማሳለፍ እንታማለን፤ ይሄኛው ግን ከፊርማው በኋላ 58 ዓመት ፈጀ። ሐውልቱ በ2005 በሦስት በረራ አክሱም ገባ፣ በ2008 ዳግም ቆመ።

በማግስቱ ባቡራችን ከሰዓት ስለነበር ጠዋት ብቻዬን ሄድኩ። በጣም ያናደደኝ ርቀቱ ነው። ያንን ፎቶ ከተነሳሁበት ከኮሎሲየም ሩብ ሰዓት እንኳ አያስኬድም። ሐውልቱ በነበረበት አደባባይ ዛሬ የኒውዮርኩን የሴፕቴምበር 11 ጥቃት ሙታን የሚያስቡ ሁለት ጥንታዊ አምዶች ቆመዋል። መኪናው ይጎርፋል። እዚያው ቆሜ ደወልኩላቸው።

“የለም አባባ።”

“እሰይ የኔ ልጅ!” አሉና ሳቁ። “የለም ለማለት እኮ ሄዶ ማየት ያስፈልጋል።”

አሁን ተቃውሞውን አውቀዋለሁ፣ ለጓደኞቼ ሳወራ ስለሰማሁት። “ወንድሜ፣ ሰው ሊዝናና ሄዶ ሐዘን ይቀመጥ እንዴ?” ይሉኛል። ማን አልቅሱ አለ? ጀላቶውን ብሉ፣ ሳንቲሙንም ጣሉ። እኔ የምለው ከአሥራ አራት ቦታ ሁለቱ የራሳችሁ ይሁኑ ነው። ደግሞስ ኮሎሲየም ሰው ከአውሬ ጋር እየታገለ የሚሞትበት ሜዳ አልነበረም? የሌላውን ሞት ስንጎበኝ መዝናናት፣ የራሳችንን ስንጎበኝ ሐዘን የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው?

“የዛሬ ጣሊያኖች ምን አጠፉ?” የሚሉም አሉ። ልክ ናቸው፤ ጠቤ ከነሱ ጋር አይደለም። አብሮኝ የተማረ ጣሊያናዊ ልጅ ኮዱ ሲመሰቃቀልበት “ኬ አምባራዳን!” ብሎ ይጮህ ነበር። “ምን ዓይነት ዝብርቅርቅ ነው!” እንደማለት ነው። ቃሉ የመጣው ከአምባ አራዶም ነው፣ ትግራይ ውስጥ ካለው ተራራ። በፌብሩዋሪ 1936 የራስ ሙሉጌታ ጦር በመድፍና በአውሮፕላን የተደበደበበት፣ ስንት ሺህ ሰው ያለቀበት ቦታ ነው። በዚያ ጦርነት የመርዝ ጋዝ መጠቀሟን የጣሊያን መንግሥት በይፋ ያመነው በ1996 ነው። ይህን ስነግረው ልጁ ደነገጠ፤ ማንም ነግሮት አያውቅም። ሮም ውስጥም በዚህ ተራራ ስም የተሰየመ መንገድ አለ። በ2020 ሮማውያን ራሳቸው ተነስተው እዚያ ይሠራ የነበረው የሜትሮ ጣቢያ የተራራውን ስም እንዳይይዝ ተሟገቱ። ጣቢያው እናቱ ሶማሊያዊት በሆነችው፣ ናዚዎች በ1945 በገደሉት ፀረ ፋሺስት ታጋይ በጆርጆ ማሪንኮላ ስም እንዲጠራ ጠየቁ፣ የከተማው ምክር ቤትም ደገፋቸው። እነሱ ስሙን አንብበው ሲሟገቱ እኛ የት ነበርን? ፎቶ ላይ።

ሦስተኛው ተቃውሞ እውነት ስለሆነ ያመኛል፦ “ሮምን ትተህ አዲስ አበባን አታነብም?” አላነብም ነበር። ካዛንቺስ ስንት ዓመት ታክሲ ተሳፍሬያለሁ። ስሙ የመጣው “ካዜ ኢንቺስ” ከሚለው መሆኑን፣ ኢንቺስ ደግሞ ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው ተቋም ምህጻረ ቃል መሆኑን ያወቅኩት ከሮም ከተመለስኩ በኋላ ነው። መርካቶም አራዳ የነበረው ገበያ የተነሳው ነጩና ጥቁሩ ሰፈር እንዲለያይ ተብሎ ነው። እነሱ በኛ ተራራ ስም ይሳደባሉ፣ እኛ በነሱ መሥሪያ ቤት ስም ሰፈራችንን እንጠራለን፤ ሁለታችንም ሳናውቅ። ስሞቹ ይቀየሩ አላልኩም። ካዛንቺስ ዛሬ የኛ ነው፤ ስሙን በኑሮ ገዝተነዋል። ግን ቢያንስ ከማን እንደገዛነው እንወቅ።

ደግሞ ሮም የበደል መዝገብ ብቻ ናት ያለ ካለ እሱም አላነበባትም። ቫቲካን ውስጥ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። በአሥራ አምስተኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ የኛ መነኮሳት ይኖሩበት ነበር። በፊደላችን የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ የግዕዝ መዝሙረ ዳዊት፣ በ1513 የወጣው ሮም ውስጥ ነው። አባ ተስፋ ጽዮንም የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን ያሳተሙት እዚያው ነው፣ በ1548። እኔ በሙያዬ ከፎንትና ከኪቦርድ ጋር ስታገል የምውል ሰው ነኝ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 መሆኑን በቃሌ አውቃለሁ። ከዚያ ወደ አምስት መቶ ዓመት ቀድሞ ያንኑ ፊደል ለኅትመት ያበቁ ሰዎች የኖሩበትን ግቢ ግን ከውጭ ፎቶ አንስቼ አልፌያለሁ። በዝርዝሬ ላይ ቁጥር አምስት ነበር፤ ቫቲካን፣ ምልክት ተደርጎበታል፣ አልቋል።

ስለዚህ ስኮላርሺፕ አግኝታችሁ የምትሄዱ፣ ለስብሰባ የምትላኩ፣ ለአንድ ቀን በትራንዚት የምታልፉ፦ ቴርሚኒ ስትወርዱ የአደባባዩን ስም አንብቡ። ከኮሎሲየም ወደ ፖርታ ካፔና ሩብ ሰዓት ተራመዱ። ያያችሁትንም በአማርኛ ጻፉት፣ ከፎቶው ሥር አድርጋችሁ ፖስት አድርጉት። ከናንተ በኋላ የሚመጣው ልጅ ዝርዝር የሚፈልገው እንደኔ ኢንተርኔት ላይ ነው፤ ያልጻፍነውን ደግሞ አያገኘውም።

ከመሄዳችሁ በፊት ቤት ያሉትን አዛውንት “ምን አይቼ ልምጣ?” ብላችሁ ጠይቁ። እኔ የጠየቅኩት ከሄድኩ በኋላ ነው። አሥራ አራተኛውን ቦታ ሳላየው ተመለስኩ፤ አሁን ምን እንደነበር እንኳ አላስታውስም።