የካምቢዮ ዘይት ልኩ የሚታወቀው ሲሞቅ ነው

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ አዲስ አበባ ለመግባት 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነዳል። ከዚህ ሁሉ መንገድ መኪናን አብዝቶ የሚፈትነው በደጀንና በጎሃ ጽዮን መካከል ያለው የዓባይ በረሃ ነው። ከአፋፉ እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል፤ ያንኑ የሚያህል ዳገት ደግሞ ከማዶ ይጠብቃል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ይህን ዳገት የሚወጣው በዘይት ነው። የሞተሩን ጉልበት የሚቀበለው፣ ውስጥ ያሉትን ፍሪሲዮኖች በግፊት የሚያጣብቀው፣ ሙቀቱን ይዞ ወደ ማቀዝቀዣው የሚሄደው ያው ዘይት ነው። ስለዚህ በግቢው ዘይት ቀይሮ ልኩን በወጉ ሳያረጋግጥ ወደ በረሃው የሚወርድ ሰው ሥራውን ገና አልጨረሰም እላለሁ።

በግቢያቸው የሚቀይሩትን አልቃወምም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ፣ በእጃችን ያለውን መኪና ተንከባክቦ ማቆየት ግድ ሆኗል። ባለቤቱ ታፖውን ፈትቶ የወጣውን ዘይት በዓይኑ ማየቱም መልካም ነው፤ የጠቆረና ተቃጥሎ የሚሸት ዘይት ስለ ካምቢዮው ጤና ብዙ ይናገራል። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው።

ስሕተቱ የሚመጣው ከሞተር ዘይት ልማድ ነው። የሞተር ዘይት የሚለካው ሞተሩ ጠፍቶ፣ ዘይቱ ወደ ኮፓው እስኪወርድ ተጠብቆ ነው። ዲፕስቲክ ያላቸው አብዛኞቹ አውቶማቲክ ካምቢዮዎች ግን የሚለኩት ሞተሩ እየሠራ ነው። ሞተሩ ሲነሣ የካምቢዮው ፓምፕ ዘይቱን ከኮፓው ስቦ የሞተሩን ጉልበት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈውን ቶርክ ኮንቨርተርና መተላለፊያዎቹን ይሞላል፤ ሲጠፋ ከፊሉ ተመልሶ ይጠራቀማል። ሞተሩን አጥፍቶ የለካ ሰው የሚያየው ይህን የተጠራቀመውን ነው። ሞልቷል ብሎ ይዘጋዋል፤ መኪናው ሲነሣ ግን ዘይቱ ጎድሎ ይገኛል።

ሌላው ጉዳይ ሙቀት ነው። ዘይት ሲሞቅ ይሰፋል። 7 ሊትር የሚይዝ ካምቢዮ ከ20 ወደ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ የዘይቱ መጠን በሲሶ ሊትር ገደማ ይጨምራል። በብዙ ዲፕስቲኮች ላይ የቀዝቃዛና የሙቅ ምልክት ለየብቻ የተቀረጸው ለዚህ ነው። የቀዝቃዛው ምልክት መነሻ ግምት ለመያዝ እንጂ ለመጨረሻ ፍርድ አይሆንም። በቀዝቃዛ ዘይት እስከ ሙቁ ምልክት የሞላ ሰው ካምቢዮው ሲሞቅ ከልክ በላይ ያገኘዋል። የበዛው ዘይት በሚሽከረከሩት ክፍሎች እየተመታ እንደሚናጥ ወተት አረፋ ይደፍቃል፤ አረፋ ደግሞ ግፊት አይይዝም። ሲያንስም ፓምፑ አየር ይስባል። መጨረሻቸው አንድ ነው፦ ማርሹ ዘግይቶ ይገባል፣ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፣ ይቃጠላል።

ታፖው ተከፍቶ የሚወጣው ዘይት ጠቅላላው አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ከሲሶ እስከ ግማሹ ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የወጣውን በመለኪያ ዕቃ ለክቶ ያንኑ ያህል መመለስ ይገባል። ካምቢዮው በጠቅላላ 7 ሊትር ይይዛል ተብሎ 7 ሊትር አይጨመርም። ቀይ ስለሆነ ብቻ ያገኙትን ዘይት መሙላትም አይሆንም፤ ለሲቪቲ ካምቢዮ የተሠራውና ለተራው አውቶማቲክ የተሠራው አይተካኩም።

ከዚያ ማሞቅ ነው። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ደጋ ናት፤ ጠዋቷ ብርድ ነው። ሞተሩን አስነሥቶ አምስት ደቂቃ ማቆየት ካምቢዮውን አያሞቀውም። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሙቀት ጌጅም የሚያሳየው የሞተሩን ውኃ ሙቀት ነው። የቀዝቃዛው ምልክት ላይ መድረሱ ከታየ በኋላ፣ ወደ አማኑኤል ወይም ወደ ሉማሜ አቅጣጫ ሃያ ደቂቃ ያህል ረጋ ብሎ ነድቶ መመለስ ይሻላል። በአንጻሩ በረሃውን ወጥቶ ደጀን እንደደረሱ መለካትም ያሳስታል፤ ዘይቱ ከመጠን በላይ ግሏልና ግማሽ ሰዓት ያህል ይብረድ።

ሲለካ መኪናው ደልዳላ ቦታ ይቁም፤ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ። እግርን ፍሬን ላይ አድርጎ ማርሹን ከፒ ጀምሮ በየደረጃው ጥቂት ሰኮንድ እያቆዩ አዙሮ ወደ ፒ መመለስ ያስፈልጋል። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ዲፕስቲኩ ይወጣል፤ ክር በማይጥል ንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል፤ እስከ መጨረሻው ገብቶ እንደገና ይወጣል። የሁለቱ ጎን ንባብ ከተለያየ ዝቅተኛው ይያዝ። ጎድሎ ከተገኘም በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ መለካት ነው፤ የበዛውን መልሶ ማውጣት ከመጨመር ይከብዳል።

ይህ ለሁሉም መኪና አይሠራም። በብዙ የሆንዳ መኪናዎች ካምቢዮው ከሞቀ በኋላ ሞተሩ ጠፍቶ ከ60 እስከ 90 ሰኮንድ ውስጥ ይለካል። ብዙዎቹ አዳዲስ መኪናዎች ደግሞ ጭራሽ ዲፕስቲክ የላቸውም፤ ልካቸው የሚታወቀው ዘይቱ በተወሰነ ሙቀት ላይ እያለ ከሥር ያለው መቆጣጠሪያ ታፖ ተከፍቶ ትርፉ ሲንጠባጠብ ነው። ይህ የኮምፒውተር መመርመሪያና ደልዳላ ማንሻ ይፈልጋል። እንዲህ ያለ መኪና ያለው ሰው ለጋራዥ ይስጠው፤ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር መግባት ሕይወት ያስከፍላል። አሮጌውንም ዘይት ወደ ቦይ አይድፉት፤ ቦዩ የሚወርደው ከብት ወደሚጠጣበት ወንዝ ነው።

ብዙዎቹ መኪናዎቻችን መመሪያ መጽሐፋቸውን ሳይዙ፣ ወይም እኛ በማናነበው ቋንቋ ይዘው የመጡ ናቸው። ስለዚህ ጋራዦችን የምለምነው ይህን ነው፦ ዘይት በቀየራችሁ ቁጥር የዘይቱን ዓይነት፣ የወጣውንና የገባውን ሊትር፣ የተለካበትን ሁኔታና ኪሎ ሜትሩን በአማርኛ ጽፋችሁ ለደንበኛው ስጡት። በግቢያችሁ የምትቀይሩ ወገኖችም ይህንኑ ጽፋችሁ በመኪናው ውስጥ አስቀምጡ። ዓባይ በረሃን ከመውረዳችሁ በፊት ደግሞ፣ ሞቆ ካልተለካ አልተለካም ብላችሁ ያዙት።