ቀኑን ያየ ፋይሉን አላየም

ፋይል መቼ እንደተነካ ለማወቅ ሁላችንም የምናየው ከስሙ ጎን የተጻፈውን ቀንና ሰዓት ነው። እንመነው? እኛ አንልም!

አንዳንድ ፕሮግራሞች ፋይሉን ከሚሞሪ ጋር አያይዘው እዚያው ይጽፉበታል። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ታዲያ እያንዳንዱን ለውጥ አያይም። ማይክሮሶፍት ራሱ ለፕሮግራመሮች ባወጣው መመሪያ፣ በዚህ መንገድ የተለወጠ ፋይል ቀኑ በራሱ ላይታደስ ይችላል፣ ካስፈለገ ፕሮግራሙ ያድሰው ይላል።

ምን አገባን እንዳንል፣ እንደ አርሲንክ ያሉ የመጠባበቂያ ቅጂ መሣሪያዎች ሌላ ካልታዘዙ የሚያመሳክሩት መጠንና ቀንን ብቻ ነው። ሁለቱ ካልተለወጡ ፋይሉን ያልፉታል። ዲስካችን የተበላሸ ዕለት የሚጠብቀን አሮጌው ቅጂ ነው!

ቀኑን ማደስ የፕሮግራመሩ ግዴታ ነው እንላለን። እስከዚያው ግን ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ አልፎ አልፎ ቅጂያችንን በቀን ሳይሆን በይዘት እናመሳክር።