«ፎቶው ራሱ ይናገራል» አትበሉኝ

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ትንሽ ልቆጣ ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ሰሞኑን የአካባቢያችን ልጆች የሚለጥፉትን ፎቶ እያየሁ ነው። የአፋር ግመሎች፣ የሮቢ ወንዝ፣ የሰንበቴ ገበያ፣ የጣርማ በር ጉም። አንዳንዱ በእውነት አፍ ያስከፍታል። ግን ኮሜንት ላይ አንዱ «እንዴት አነሳኸው?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ወይ «ሚስጥር ነው»፣ ወይ ደግሞ ያቺ የተለመደችው ነች፦ «ፎቶው ራሱ ይናገራል»።

አይናገርም! ፎቶ አፍ የለውም። መናገር ያለበት ያነሳው ሰው ነው።

ሌላውን ከመውቀሴ በፊት ከራሴ ልጀምር። ማንጎ የሚሸጡትን እናት ፎቶ ታስታውሳላችሁ? ከኋላቸው ወርቃማ ጉም ያለበትን? «ገነት ነው እንዴ የምትኖረው!» እያላችሁ ላይክ ስታዘንቡልኝ ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ኢንቦክስ መጥቶ «ቲቸር፣ እኔም መሞከር እፈልጋለሁ፣ እንዴት አድርገው ነው ያነሱት?» አለኝ። እኔ ምን ብመልስ ጥሩ ነው? «ልምድ ነው፣ ቀስ ብለህ ትደርስበታለህ።» ልጁ «እሺ ቲቸር» ብሎ ሄደ። እስካሁን ይቆጨኛል። ጥያቄ ሲመጣ በር የሚዘጋ አስተማሪ ምን አስተማሪ ነው?

እውነቱ ይኸውላችሁ። ስልኬ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ቴክኖ ነው። ሰዓቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ፀሐይ በአፋር በኩል ብቅ ስትል። ጉም ያላችሁት ጉም አይደለም፤ አይሱዙ ያስነሳው አቧራ ነው! ፀሐይዋ ከኋላው ስለነበረች ወርቅ መሰለ። 30 ጊዜ ያህል አንስቼ የሆነችው አንዷ ብቻ ነች። በቀኝ በኩል የመብራት ምሰሶ ነበር፣ ቆርጬ አውጥቼዋለሁ። እናትየዋን ሳስፈቅዳቸው «መጀመሪያ ማንጎውን ግዛ ልጄ፣ ከዚያ እንደፈለግህ» አሉኝ። ሁለት ኪሎ ገዛሁ።

አሁን ፎቶው ቀነሰ? እኔ ጨመረ ባይ ነኝ።

«ባለሙያ ሚስጥሩን አያወጣም» ለሚሉኝ፦ አሜሪካዊው አንሴል አዳምስ 40 ፎቶዎቹን እንዴት እንዳነሳቸው አንድ በአንድ የጻፈበትን መጽሐፍ በ1983 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። በ1941 ያነሳት፣ ከአንዲት ትንሽ መንደር በላይ ጨረቃ የወጣችባት ዝነኛ ፎቶው ላይ የብርሃን መለኪያውን ፈልጎ እንዳጣው፣ በጨረቃዋ ብርሃን መጠን በጭንቅላቱ አስልቶ እንዳነሳ፣ ሁለተኛ ሳይደግም ብርሃኑ እንደጠፋበት ራሱ ተናግሯል። ማን ናቀው?

የእኛው ግርማ በርታስ? የአዲስ አበባን መንገደኞች በስልኩ ያነሳል፤ ከዚያ ሰውየውን ከነጥላው ለይቶ አንድ ዓይነት ቀለም ላይ ያስቀምጠዋል። አሠራሩን አልደበቀም። በዚሁ ሥራው በ2016 እ.ኤ.አ. የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራምን ሽልማት አግኝቷል።

ግን እኔን የሚያንገበግበኝ የጥበቡ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሚያዝያ 2013ን አስታውሱ። አጣዬ በተቃጠለችበት፣ እኛም እንቅልፍ ባጣንበት ሰሞን አክስቴ ከደብረ ብርሃን እያለቀሰች ደወለች። «ሸዋሮቢት ዛሬ» የሚል ፎቶ ደርሷታል፤ የተቃጠለ ቤት። ፎቶውን አስልኬ አየሁት። ከቤቱ ኋላ የተደረደረው እንሰት ነው። እንሰት! በሸዋሮቢት ሙቀት! ማን አነሳው? መቼ? የት? የለጠፈውም፣ ሼር ያደረጉትም አልጠየቁም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ እንዲህ ያለው ሲበዛ እውነተኛው ጉዳታችንም «ይሄም የውሸት ነው» መባሉ ነው። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ሁለተኛ ተቃጠለ ማለት ነው።

ስለዚህ የግመል ፎቶ ላይ «እንዴት አነሳኸው?» ብሎ መጠየቅን ነውር ካደረግነው፣ በክፉ ቀን መጠየቁን ከየት እናመጣዋለን? መልመጃው እኮ እዚህ ነው።

«ከተናገርኩ ይኮርጁኛል» የምትሉም አላችሁ። ኩረጃ እንዴት እንደምጠላ የፈተና ክፍል ውስጥ አይታችኋል። ይሄን ግን ኮርጁ! ያቺ ጠዋት እንደሆነች አትደገምም፤ የሚኮርጃችሁ ሰው የራሱን ጠዋት ነው የሚያገኘው።

በሉ፣ የምትወዱትን አንድ ፎቶ ከታች ለጥፉልኝ። አራት ነገር ግን ጻፉበት፦ የት፣ መቼ፣ በምን፣ እና ምን ቆርጣችሁ ወይም ቀይራችሁ። ሰው ካለበት ደግሞ አስፈቅዳችሁ እንደሆነ።

አንተም ኢንቦክስ የጠየቅኸኝ ልጅ፣ ይህን ካነበብህ ይቅርታ አድርግልኝ። መልሱ ይኸው ነው፦ በጠዋት ተነስ፣ ፊትህን ወደ ፀሐይ አዙር፣ አይሱዙ ጠብቅ።